የድሮ የብረት አሻንጉሊት ታንክና መኪና ለጦርነት ጨዋታ እንዴት ይታደሳል?

ቀለሙ የተላላጠ፣ ጎማው የደረቀ፣ አፈሙዙ የጎበጠ የድሮ አሻንጉሊት ታንክ ለብዙ ሰው ቆሻሻ ነው። ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ግን ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነው። ከአዲስ የፕላስቲክ ሞዴል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መገጣጠም አይፈልግም። ክብደት አለው፤ እጅጌ ነካ ቢያደርገው ከቦታው አይንሸራተትም። የልጆች መጫወቻ ሆኖ ሃምሳ ስልሳ ዓመት የቆየ ዕቃ እናንተም ጋ መሰንበቱ አይቀርም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። የምንሠራው ለመስታወት ቁም ሳጥን አይደለም። ሰብሳቢ የሚያድሰው ዕቃው ከፋብሪካ የወጣ ዕለት የነበረውን መልክ እንዲይዝ ነው። እኛ የምናድሰው እንዲያገለግል ነው። ተጫዋች ታንኩን የሚያየው ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከአንድ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። በየተራው ያነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቀለሙ የእጅ ንክኪ ከቻለ፣ ከሩቅም የማን ወገን እንደሆነ ቶሎ ከተለየ በቂ ነው። በማጉያ መነጽር ብቻ በሚታይ ዝርዝር ላይ ሳምንት ማጥፋት አያዋጣም። ከቀለም በፊት ባለው አሰልቺ ሥራ ላይ ግን ጊዜ አትሰስቱ። ቀለም የሚላጠው ሁልጊዜ እዚያ በተዘለለ ነገር ነው።

የትኛው አሻንጉሊት ይሆናል?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው በዋናነት ከዚንክ ቅይጥ በሻጋታ የተሠራው ነው። የእኔ ምርጫ ዲንኪ ነው። ዲንኪ በእንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል የነበረው የሜካኖ ኩባንያ ሥራ ነው። ስሙ በ1934 ወጣ፤ ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ ያወጣቸው የጦር ተሽከርካሪዎች ለእኛ ጨዋታ ታስበው የተሠሩ ያህል ናቸው፦ ሴንቹርየን ታንክ፣ ሳራሰን ብረት ለበስ፣ ኦስቲን ቻምፕ ጂፕ፣ ባለ 10 ቶኑ ፎደን፣ 5.5 ኢንች መድፍ፣ ታንክ ጫኙ ግዙፉ ቶርኒክሮፍት። ዋናው ጥቅማቸው ደግሞ እርስ በርስ መመጣጠናቸው ነው። ሁሉም ወደ 1/60 ይጠጋሉ፤ ከእውነተኛው 60 ጊዜ ያነሱ ናቸው ማለት ነው።

ማችቦክስ ሌላ ጉድ አለው። ሌስኒ የተባለው የለንደን ኩባንያ ከ1953 ጀምሮ ያወጣቸው እነዚህ መኪናዎች መጠናቸውን የወሰነው የክብሪት ሳጥን የሚያክለው ካርቶናቸው ነው። ትልቁም ትንሹም ተሽከርካሪ እዚያው ካርቶን ውስጥ መግባት ነበረበት። ስለዚህ ጂፑንና የጭነት መኪናውን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ጂፑ ግዙፍ፣ የጭነት መኪናው ሚጢጢ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለየብቻ ለክቶ መምረጥ ያስፈልጋል እንጂ ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው። የፈረንሳዩ ሶሊዶ ታንኮች ደግሞ 1/50 ናቸው። በዝርዝር ሥራ ከዲንኪ ይበልጣሉ፤ ሸርማናቸውን በጣም እወደዋለሁ።

መለካት ቀላል ነው። የእውነተኛውን መኪና ርዝመት በሚሊሜትር ይዛችሁ ለአሻንጉሊቱ ርዝመት አካፍሉ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ 3.33 ሜትር ነው። እጃችሁ ያለው ጂፕ 60 ሚሊሜትር ከሆነ 3330 ለ60 ሲካፈል 55.5 ይመጣል። በቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ለሚባሉት ወታደሮች የሚመከረው 1/56 ስለሆነ ልክክ ይላል። ለ20 ሚሊሜትር ወታደር 1/72፣ ለ15 ሚሊሜትር 1/100 ፈልጉ።

ግን በቁጥር ብቻ አትታሰሩ። ወታደሮቹ የሚቆሙት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ባለው መቆሚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከእውነተኛ ቁመታቸው ይረዝማሉ። አጠገባቸው የሚቆመው መኪና ትንሽ ተለቅ ቢል ዓይን ያምነዋል፤ አነስ ካለ ግን ወዲያው ያስታውቃል። በ28 ሚሊሜትር ጠረጴዛ ላይ 1/50 አያስከፋም፣ 1/60 ደግሞ የመጨረሻው ድንበር ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። በእንግሊዝ ካር ቡት ሴል፣ በፈረንሳይ ብሮካንት፣ በጀርመን ፍሎህማርክት፣ በአሜሪካ ጋራዥ ሴል ላይ አሮጌ አሻንጉሊት በሣጥን ተከምሮ ይሸጣል። ሣጥኑን እስከ ታች በርብሩት። የተሰባበረው ከታች ነው የሚሆነው፣ ዋጋውም እዚያው ነው የሚወርደው።

ቲነር ከመክፈታችሁ በፊት

ዕቃው በደህና ሁኔታ ላይ ያለ፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ በተለይ ከነካርቶኑ የመጣ ከሆነ አትንኩት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው ቀለም ነው። ልጣችሁ ስትቀቡት፣ የፈለገ ያህል ብታሳምሩት፣ ያ ዋጋ ተመልሶ አይመጣም። ሽጡትና በገንዘቡ አራት አምስት ስብርባሪ ግዙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ከመሰላችሁ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ ካቻቢቴ አታሳዩት።

ቀጥሎ ብረቱን መርምሩ። በድሮ ዘመን፣ በተለይ በ1930ዎቹ፣ ወደ ዚንኩ ቅይጥ ትንሽ እርሳስ ገብቶ ሲበክለው ከዓመታት በኋላ ብረቱ ከውስጥ ይሰነጣጠቃል። ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም በእጅ ይፈረፈራል። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። ቀለም አያድነውም፣ ሙጫም አይዘውም። መረብ የሚመስል ስንጥቅ ወይም ያለ ምክንያት የተጣመመ አካል ካያችሁ ተሰነባበቱ። ላዩ ላይ ያለ ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ ግን የተለመደ የዚንክ ዝገት ነው፤ በብሩሽ ይነሳል።

ማግኔትም ያዙ። ዚንክን ማግኔት አይስበውም። የሚስበው ክፍል ካለ ቆርቆሮ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ወለሉ። ቆርቆሮው ቀይ ዝገት ስለሚያወጣ ሕክምናው ይለያል።

ሦስተኛው ነገር ቀልድ የለውም። የድሮ አሻንጉሊት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለምና በእሱ የተቀባ አሻንጉሊት የከለከለችው በ1978 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራውን ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ቁጠሩት። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ብናኙ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። ጓንት አድርጉ። እየሠራችሁ አትብሉ፣ ቡናም አትጠጡ። ልጆች፣ በተለይ ሕፃናት፣ ወደ ሥራ ቦታው አይምጡ። አሮጌው አሻንጉሊት የእነሱ መጫወቻ የነበረ መሆኑ ዛሬ ይነካኩት ማለት አይደለም።

መፍታት

ዲንኪም ማችቦክስም በብሎን አልታሰሩም። ከላይኛው አካል የወረደ የዚንክ ምሰሶ ወለሉን አልፎ ጫፉ ተቀጥቅጧል። ያንን የተቀጠቀጠ ራስ ብቻ ነው የምታነሱት። አሻንጉሊቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞርሳ ላይ ያዙት፣ አታጥብቁት። የራሱን መሃል በሹል ብረት ምቱና ትንሽ ጉድጓድ አብጁለት፤ አለበለዚያ ፑንታው ይንሸራተታል። በ1.5 ሚሊሜትር ፑንታ ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሚሊሜትር ብሱ። ከዚያ የራሱን ስፋት የሚያክል ፑንታ አስገቡና ራሱ እስኪለቅ ድረስ ብቻ፣ በቀስታ፣ ላዩን አንሱት። ወለሉን አትብሱ። ድሪሉ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሂድ፤ ዚንክ ለስላሳ ነው፣ ከቸኮላችሁ ምሰሶውን ይበላዋል።

ወለሉ ሲነሳ ውስጡ ያለው ነገር ይበተናል፤ የፕላስቲክ መስታወት፣ ወንበር፣ ሽቦ፣ ጎማ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የአንዱን መኪና ዕቃ በአንድ ኩባያ ሰብስቡ። ብዙ መኪና አንድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኩባያው ላይ ስም ጻፉ።

የማችቦክስ የጎማ አክስል ጫፉና ጫፉ የተቀጠቀጠ ሽቦ ነው። ካልታጠፈ አታውጡት፣ እዚያው ይቆይ። ከታጠፈ በፒንሳ ቀስ እያላችሁ አቅኑት። ለማውጣት ስትሞክሩ ብዙ ጊዜ ጎማው ይሰነጠቃል።

ቀለሙን ማንሳት

የፋብሪካው ቀለም በምድጃ ሙቀት የደረቀ ኢናሜል ነው። በቀላሉ አይለቅም። መላጥ ያስፈልጋል ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። ቀለሙ ጠበቅ ብሎ የያዘ ከሆነና ትንሽ ብቻ ከተላላጠ፣ በሳሙና አጥባችሁ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600 ሻከር አድርጋችሁት ላዩ ላይ መቀባት ይቻላል። የተላላጠበት ጠርዝ ከሩቅ አይታይም። ለጨዋታ እኮ ነው። ቀለሙ ከወፈረ፣ ልጅ በላዩ ላይ ቤት ውስጥ ባገኘው ቀለም ደጋግሞ ከቀባው፣ ወይም ሥሩ ነጭ ዱቄት ከያዘ ግን ይወልቅ።

ለዚንኩ አካል የምመርጠው አሴቶን ነው። እሱ ከጠፋ የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጠው ቲነር ይሠራል። ክዳን ባለው የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አካሉን ዘፍዝፉና ክደኑት። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ ፈትጉት፤ ብዙው ተጨማዶ ይነሳል። እምቢ ያለው ቦታ ላይ ጄል የሚመስለውን የቀለም መላጫ በብሩሽ ቀቡ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ሲያብጥ ጥረጉት። ይህ ሁሉ ደጅ ወይም መስኮት በተከፈተበት ነው። አሴቶንና ቲነር እሳት ይወዳሉ። ሲጋራ፣ ሻማ፣ ምድጃ፣ ከሰል በአቅራቢያው እንዳይኖር።

ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ አሉ። ቀለሙን ቶሎ ያነሳዋል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ዚንክንም አሉሚኒየምንም ይበላል፣ ሲበላም ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ዓይን ውስጥ ጠብ ቢል ያሳውራል። አንድ የአሻንጉሊት ታንክ ያን ያህል ዋጋ የለውም፤ አልመክረውም።

የፕላስቲክ ክፍሎችን ግን፣ አክስሉ ላይ የቀረ የፕላስቲክ ቸርኬ ካለም እሱን ጨምሮ፣ አሴቶንም ቲነርም እንዳይነካቸው። መስታወቱ፣ ቸርኬው፣ የታንኩ አንቴና ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይቀልጣሉ። እነሱን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ፕላስቲክ ላይ ያለ ቀለም መነሳት ካለበት 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ሞክሩ፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ። የፍሬን ዘይትም ይሠራል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ብዙውን ፕላስቲክ አይጎዳም። ቆዳ ላይ ስለማይበጅ ጓንቱ አይውለቅ።

የተላጠውን ዝቃጭ ወደ ገንዳ አትድፉት። እርሳስ አለበት። በክዳን ብልቃጥ አጠራቅሙና የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ባለበት ከተማ እዚያ አስረክቡ። መቀበያ ከሌለ ፈሳሹ ደጅ ይትነን፣ ደረቁ ታሽጎ ይጣል።

መጨረሻ ላይ አካሉን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ፀጉር ማድረቂያ ወይም ፀሐይ ይበቃዋል። ስንጥቅና ጥግ ውስጥ የተደበቀ ውሃ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ስለሚያስቸግር በደንብ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ቅባት ለቀለም ጠላት ነው።

ጥገና

የቆርቆሮውን ወለል በሽቦ ሱፍ ጥረጉ፣ ዝገቱ ይውጣ። ከዚያ በቲነር አብሱት።

የተሰበረ ዚንክ በብየዳ አይሞከርም። ቅይጡ በ400 ዲግሪ ሴንትግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሳታስቡት እጃችሁ ላይ ጠብ ይላል። ሁለት ቱቦ ባለው ኢፖክሲ አጣብቁ። ስብራቱ ቀጭን ከሆነ፣ ለምሳሌ መስታወት መያዣ ዘንግ ወይም አፈሙዝ፣ ሁለቱንም ጫፍ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ በስታችሁ መሃላቸው ቀጭን ሽቦ አስገቡ። ያለ ሽቦ የተጣበቀ አፈሙዝ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ይወድቃል።

ጉድጓድ ያለበትን ቦታ የመኪና ስቱኮ ሙሉት። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ፤ ስቱኮው ባዶ ብረት ላይ ነው የሚሄደው፣ አሲድ ካለበት ፕራይመር (ከቀለም ሥር ከሚቀባው መሠረት) በፊት። ከፕራይመሩ በኋላ ከመጣ አሲዱ ስቱኮው በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ለትንሽ ጉድጓድ ደግሞ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጋችሁ ላዩ ላይ የመጋገሪያ ሶዳ ነስንሱ። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ በሞረድ ታስተካክሉታላችሁ።

አፈሙዙ ከጠፋ ከነሐስ ቱቦ ወይም ከእስክሪብቶ የቀለም ቱቦ ቁረጡ። ውፍረቱን መገመት አያስፈልግም፣ ይሰላል። የሴንቹርየን ባለ 20 ፓውንዱ መድፍ ቀዳዳው 84 ሚሊሜትር ነው። ለ56 ስታካፍሉት 1.5 ይመጣል። ውጪው 3 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ቱቦ ከሩቅ ደህና አድርጎ ይታያል። በ1967ቱ ጦርነት የነበሩትን የእስራኤል ሴንቹርየኖች፣ ሾት የሚሏቸውን፣ ለመሥራት ካሰባችሁ አንድ ጭማሪ አለ። ብዙዎቹ መድፋቸው ወደ 105 ሚሊሜትር ተቀይሮ ነበር። ይህ መድፍ አፈሙዙ አጋማሽ ላይ ጭስ የሚያስወጣ እብጠት አለው። ቀጭን ወረቀት በሱፐር ግሉ እየነከራችሁ ጠቅልሉበት፣ ሲደርቅ ሞርዱት። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ የታንኩን ማንነት ይለውጠዋል።

ጎማ ሌላ ጣጣ ነው። የድሮ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱም ከፕላስቲክ ቸርኬ ጋር ለዓመታት ሲነካካ ቸርኬውን ያቀልጠዋል። ለዲንኪ ተተኪ ጎማ በመስመር ላይ የሚሸጡ አሉ። ካልሆነ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ቸርኬውን አሳዩና ልኩ የሆነ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ምረጡ። የሴንቹርየን የጎማ ሰንሰለት ከተበጠሰም ተተኪው ይገኛል። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን ጥብጣብ ቆርጣችሁ፣ ጫፎቹን ከሥር፣ ማንም በማያይበት ቦታ በሱፐር ግሉ አጋጥሙ። ሰንሰለቱ መዞር አይጠበቅበትም። ጠረጴዛ ላይ ታንክ የሚሄደው በእጅ ተነስቶ ነው።

ፕራይመር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለብረት በር የምንቀባው አንቲረስት ለዚንክ አይሆንም። በዘይት የተበጠበጠ ቀለም ዚንክ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፣ ከወራት በኋላም እንደ ልጣጭ ይነሳል። የሚያስፈልጋችሁ የመኪና ቀለም ቤቶች ዎሽ ፕራይመር የሚሉት ነው። ትንሽ አሲድ ስላለው ብረቱን ነክሶ ይይዛል። በጣሳ ስፕሬይም ይገኛል። ካጣችሁ አካሉን በኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ አብሱት፣ ላዩ ደብዘዝ ሲል በውሃ እጠቡና አድርቁ፤ ከዚያ ማንኛውም ጥሩ የሞዴል ፕራይመር ይሂድ።

ስፕሬዩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ደህና አድርጋችሁ ናጡ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከዕቃው ውጪ ነው፤ በላዩ አልፋችሁ ከዕቃው ውጪ ታቆማላችሁ። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። አንድ ወፍራም ሽፋን ከሚሆን ሦስት ስስ ሽፋን ይሁን፣ በየመሃሉ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየጠበቃችሁ። የብሎን ራስና የበር መስመር በፕራይመር ከተሞላ በኋላ የሚያወጣው የለም። በብርድ ጊዜ ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። አዲስ አበባ ላይ በክረምት ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት አትርጩ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያበላሸዋል።

ቀለም

የትኛውን ቀለም? መልሱ ያለው በጦርነቱ ውስጥ ነው። የዲንኪው የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ የልጆች ፈጠራ ይመስላል እንጂ ከእውነት የራቀ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር በ1950ዎቹ ተሽከርካሪዎቹን ጠቆር ባለ፣ በሚያብለጨልጭ የነሐስ አረንጓዴ ይቀባ ነበር። የሲናይ በረሃ ከሆነ ደግሞ የእስራኤሎቹ ቀለም አሸዋማ ግራጫ ነው።

የኮሪያን ጦርነት የምትጫወቱ ከሆነ ትንሽ ላቁም። ቃኘውን ጠረጴዛ ላይ ማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። ሴንቹርየን ኮሪያ ውስጥ ተዋግቷል፤ ግን የእንግሊዞቹ ነው። ቃኘው በ1951 ግንቦት ኮሪያ ደርሶ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። ስለዚህ ከጎኑ የሚቆመው የአሜሪካ ታንክ መሆን አለበት። የሶሊዶን ሸርማን የወይራ አረንጓዴ ቀብታችሁ ነጭ ኮከብ ብትለጥፉበት ይሻላል።

ዋናውን ቀለም ከእውነተኛው አንድ ደረጃ ነጣ አድርጉት። ትንሽ ዕቃ ላይ ትክክለኛው ጥቁር አረንጓዴ በክፍል መብራት ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ዝርዝሩም ይጠፋል። ዋናው ቀለም ላይ ትንሽ ነጭ ወይም ክሬም መቀላቀል ይበቃል። በብሩሽ የምትቀቡ ከሆነ አክሪሊኩን እንደ ወተት እስኪሆን በውሃ አቅጥኑና ሁለት ሦስቴ ቀቡ።

ከዚያ ጥላ ይመጣል። ጥቁር ቡናማ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ መስመርና ጥግ ውስጥ አፍስሱት፤ የተጠራቀመውን በብሩሽ ጫፍ ምጠጡ። ሲደርቅ ደረቅ ብሩሽ። አሮጌ ብሩሽ ላይ ከዋናው ቀለም የነጣ ቀለም ነካ አድርጉ፣ ብሩሹ ባዶ እስኪመስል ጨርቅ ላይ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን በፍጥነት አብሱ። የዲንኪ ብሎኖችና የበር ማጠፊያዎች ወጣ ወጣ ብለው ስለተቀረጹ ይህ ዘዴ ለእነሱ የተፈጠረ ነው። አዲስ የፕላስቲክ ሞዴል ላይ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

መስታወት ላይ ብዙ አትድከሙ። ጥርት ያለው ፓራብሬዛ ከደበዘዘ በጥርስ ሳሙና አሹት፣ ከተስተካከለ መልሱት። በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ከውስጥ ካርቶን ዝጉና ጥቁር ሰማያዊ ቀቡት፣ አንድ ጥግ ላይ ነጣ ያለ አግድም መስመር ጣሉበት። ከአንድ ሜትር ላይ መስታወት ነው።

ዝገትና ጭረት የሚወድ ሰው ማቆሚያ የለውም። በትንሽ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ነካ ነካ ማድረግ ደስ ይላል፣ ግን የሰው እግርና እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፤ የመውጫ በሩ ዙሪያ፣ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ፓራውልቱ። የሚያገለግል የጦር መኪና ይቆሽሻል እንጂ ብዙ አይዝግም። አቧራና ጭቃ ይበልጥ እውነት ይመስላል። ከጎማው ከፍታ በታች የጠረጴዛችሁን አፈር የመሰለ ቀለም በደረቅ ብሩሽ አስነኩ። መኪናውንና ጠረጴዛውን አንድ ላይ የሚያስተሳስረው ይህ ነው።

ምልክት፣ ቫርኒሽ፣ መግጠም

በውሃ የሚለጠፍ ምልክት ደብዛዛ ቀለም ላይ በቀጥታ ከለጠፋችሁ ከሥሩ አየር ይገባና ዙሪያው ብርማ ይሆናል። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ቦታው ላይ ቀቡ። ሲደርቅ ምልክቱን ለጥፉ፣ ማለስለሻ ፈሳሽ ካላችሁ ጠብ አድርጉበት። ለጨዋታ የሚለጠፍ ምልክት ከእውነተኛው ትንሽ ተለቅ ቢል ጥሩ ነው። የታንኩ ቁጥር ከላይም ይታይ፤ አለበለዚያ "የትኛው ታንክ ነው የተመታው?" የሚል ክርክር ይነሳል።

ቫርኒሹ ሁለት ዓይነት ይሁን። መጀመሪያ የሚያብለጨልጨው ሁለት ጊዜ፤ ጠንካራው እሱ ነው። ከላይ ማት (የማያብለጨልጭ) አንድ ስስ ሽፋን፤ ብልጭታውን ይገድላል። ማቱን በእርጥብ አየር አትርጩት፣ ነጭ ጉም ይለብሳል።

ወለሉን መልሳችሁ ስትገጥሙ የተበሳውን ምሰሶ ውስጡን በ1.6 ሚሊሜትር ፑንታ አስተካክሉና የኤም 2 (የ2 ሚሊሜትር ብሎን) ጥርስ ማውጫ በእጅ አስገቡ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያላችሁ፣ ጠብታ ዘይት ጨምራችሁ። አጭር የኤም 2 ብሎን ይበቃዋል። ጥርስ ማውጫ ከሌላችሁ ኢፖክሲም ይይዛል፤ ግን ሌላ ጊዜ ለመክፈት ያስቸግራል።

ቀለሙ በእጅ ሲነካ የደረቀ መሰለ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። አክሪሊክ ከሆነ ጥቂት ቀናት፣ ኢናሜል ከሆነ ሁለት ሳምንት ገደማ አቆዩት። እስከዚያ ሣጥን ውስጥ አትክተቱት። ሲከተትም አረፋ ባለው ፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ክቡ አረፋ በቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። ለስላሳ ወረቀት ወይም ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ይሻላል። አፈሙዙ ደግሞ ወደ ሣጥኑ ረጅም ጎን ይዙር።